የማሽን ክፍሉን ያሞቀው ምንጣፍ

ምንጣፉ ቀይ ነበር፤ ጥራቱም ለታላቅ ቀን የሚመጥን። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተዘርግቶ፣ ጠርዙ በፕላስተር ተጣብቆ፣ አንዲት ሽብሽብ እንኳ አይታይበትም። የወለሉን ቀዳዳዎች በሙሉ እንደሸፈነ ያስተዋልነው ግን ሪባኑ ከተቆረጠ፣ እንግዶቹ ከተቀመጡና ንግግሩ ከተጀመረ በኋላ ነው። እንዲህ ያለ ጥቃቅን ነገር በታላላቅ ቀኖች አይታይም። መታየትም የለበትም።

ወለል ቀዳዳ ምን ያደርግለታል የሚል አይጠፋም። እኔም ብያለሁ። ልጄ የዩኒቨርሲቲው የምርምር ኮምፒውተር ማዕከል ዳይሬክተር ናት። ክፍሉን መጀመሪያ ያሳየችኝ ቀን ወለሉን አይቼ ክው አልኩ።

«ይህን የሠራው ሰው አይጥ የሚባል ነገር አያውቅም?»

«እማዬ፣ ማሽኖቹ የሚተነፍሱት በዚህ ነው። ቀዝቃዛው አየር ከሥር ይመጣል፣ በቀዳዳዎቹ ይወጣል፣ እነሱን ያበርዳል።»

ስለ አይጡ ግን አልመለሰችልኝም።

የልጄን ሥራ ለጎረቤት ማስረዳት ቀላል ሆኖልኝ አያውቅም። ሐኪም የወለደች እናት «ሐኪም ናት» ብላ ትገላገላለች። እኔን ግን «ያንቺዋ ዶክተር ምን ታክማለች?» ይሉኛል። አታክምም፣ የኮምፒውተር ናት እላለሁ። «ታዲያ ምን ፈለሰፈች?» ምንም፤ ሌሎቹ የሚፈለስፉበትን ማሽን ታስኬዳለች። ይኼኔ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «አይዞሽ» ይሉኛል፤ ልጄ አልጋ የያዘች ይመስል።

የማዕረግ ዕድገት ኮሚቴውም ከጎረቤቶቼ የተለየ ሐሳብ አልነበረውም። ልጄን ፊቱ አቁሞ «በእነዚህ ዓመታት ምን አሳትመዋል?» ብሎ ጠየቃት።

«ማሽኖቹ አንድም ቀን አልቆሙም» አለች።

«አለመቆም አይታተምም» አላት ኮሚቴው።

እውነቱን ነው። ደግሞም ኮሚቴው ውለታ ቢስ አይደለም። አባላቱ የጽሑፎቻቸውን ስሌት ሁሉ የሠሩት በእሷ ማሽኖች ስለሆነ በመጨረሻው ገጽ፣ በትንንሽ ፊደል፣ ከባለቤቶቻቸውና ከልጆቻቸው ቀጥሎ ያመሰግኗታል። አንዱ እንዲያውም ስሟን አሳስቶ ነው ያመሰገናት፤ ይሁን፣ ልቡ ንጹሕ ነው።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን በቅርቡ የተደረሰበት ጉድ ነው፤ ክፍሉ ሳይመረቅ ሥራ ጀምሮ ተገኘ። ይህን ያወቀው የፕሮቶኮል ኃላፊው ነው፤ ሲተኛም ክራባቱን የሚፈታ የማይመስል፣ በልጄ ዕድሜ ያለ ጎልማሳ። በጣም አዘነ።

«ዶክተር፣ ያልተመረቀ ነገር እንዴት ሊሠራ ይችላል?»

«ተሰክቶ ነዋ» አለችው።

መልሱ ከኃላፊነቷ ክብር ጋር የማይጣጣም ሆኖ ስለተገኘ፣ ሁኔታውን የሚያስተካክል የምርቃት ዐቢይ ኮሚቴ ወዲያውኑ ተቋቋመ።

በዚያ ሰሞን ማሽኖቹ ላይ አንድ ረጅም ስሌት እየሄደ ነበር። የስሌቱ ባለቤት ጓደኞቹ «ዝናቡ» የሚሉት ቀጭን ተመራማሪ ነው። በመጪው የዘር ወቅት ዝናብ የት እንደሚፈጥን፣ የት እንደሚዘገይ ያሰላል። ስሌቱ ከጀመረ ሳምንታት አልፈውታል፤ የሚያልቀው በምርቃቱ ማግስት ጠዋት ነው፤ ገበሬዎቹም መቼ እንዝራ ብለው የሚጠብቁት እሱን ነው። መሀል ላይ ማሽኖቹ ከጠፉ ከመጀመሪያው ይጀመራል፤ ተጀምሮ እስኪያልቅ ደግሞ የሰማዩ ዝናብ ራሱ መጥቶ መልሱን ይነግራቸዋል።

«የደረሰበትን በየመሀሉ ለምን አታስቀምጠውም?» ብዬ ጠይቄው ነበር፤ የሚቃጠልና የሚጠፋ ነገር ሁሌ ስለሚታየኝ።

«ማስቀመጫ ዲስክ ጠይቀን ነበር እናቴ። በጀቱ ለምርቃቱ ወንበር ተዛወረ።»

እናም ስሌቱ መቀመጫ ቢያጣም እንግዶቹ መቀመጫ አግኝተዋል።

ልጄ ምርቃቱ ከበሩ ውጭ ይሁን ብላ ለምና ነበር። «ክቡር ፕሬዚዳንቱ ኮሪደር ላይ ቆመው ይናገሩ?» አለ የፕሮቶኮል ኃላፊው፤ ነገሩ እንዲህ ሲባል እሷም አፈረች። ለልምምድ ሲገቡ የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት እግሬን በረደኝ አሉ። ሳይንስን የሚመራ እግር ሊበርደው ስለማይገባ፣ ለክብርም ለሙቀትም የሚሆን ምንጣፍ ተፈለገ። በምርቃቱ ቀን ጠዋት እሱ ሲነጠፍ ልጄ በቦታው አልነበረችም። ፎቅ ላይ መቀስ በሳህን ይዞ መቅረብን እየተለማመደች ነበር፤ በመርሐ ግብሩ ላይ ለማዕከሉ ዳይሬክተር የተሰጠው ድርሻ ይኸው ነበርና። ኋላም ስታቀርበው ዐይኗን ከመቀሱ አላነሳችም። ኮራሁባት።

እንግዲህ ፕሬዚዳንቱ መናገር ጀመሩ። እኔ የዳይሬክተሯ እናት ነኝና ከፊት ወንበር ተሰጥቶኛል። መጀመሪያ ፊቴን ሞቀኝ። ቀጥሎ ግራና ቀኝ በቁምሳጥን የተደረደሩት ማሽኖች ማራገቢያቸው መጮህ ጀመረ፤ መጀመሪያ እንደ ንብ፣ ከዚያ ሊነሳ እንደሚያኮበክብ አውሮፕላን።

ፕሬዚዳንቱ ጣታቸውን ቀሰሩ። «ሰማችሁ? ሳይንስ ሲያስብ ድምፁ ይህ ነው!»

ተጨበጨበ። ማሽኖቹ ባሰባቸው፤ እሳቸውም ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። እንዲህ ያለ መግባባት በሰውና በማሽን መካከል አይቼ አላውቅም።

ልጄ ይኼኔ ነው ወለሉን ያየችው። ፊቷ እንደ አመድ ሆነ። ጎንበስ ብላ እኔ አጠገብ ወደቆመው የፕሮቶኮል ኃላፊ መጣች።

«ምንጣፉ ይነሳ» አለችው በሹክሹክታ።

«የቱ ምንጣፍ?»

«ይሄ። የቆምንበት። አየሩን ዘግቶታል።»

«ዶክተር፣ ክቡር ፕሬዚዳንቱ እላዩ ላይ እያሉ ምንጣፍ አይነሳም። ሲወርዱ ይነሳል።»

«መቼ ነው የሚወርዱት?»

ወረቀቱን አየ። «ገና ታሪካዊ ዳራው ላይ ናቸው።»

«ማሽኖቹ ሞቀው ሊጠፉ ነው እኮ!»

«ምን ችግር አለው?» አለ በእርጋታ። «ተመርቀዋል።»

ከኋላ ዝናቡ ስልኩን ከፍ አድርጎ ያሳያታል፤ የክፍሉ ሙቀት እዚያ ላይ ይነበባል መሰለኝ፣ ላቡ በጆሮው ሥር ይወርዳል። ልጄ ወደ መድረኩ ልትራመድ ስትል ቀሚሷን ያዝኳት።

«ተይ ልጄ። ክቡርነታቸውን አቋርጠሽ ነገ በየትኛው በር ትገቢያለሽ? ያባርሩሻል።»

«እማዬ፣ ስሌቱ ሊሞት ነው።»

«ስሌት ይሞታል፣ ይደገማል። ሥራ ግን...»

ንግግሬን ሳልጨርስ አንድ ነገር ሸተተኝ። በእርግጥ ቤት ውስጥም ሁልጊዜ ይሸተኛል፤ ምድጃው ጠፍቶም ይሸተኛል። ግን የልጄን ፊት ሳየው አላስቻለኝም፤ ብድግ አልኩ።

«ኧረ ሰዎች፣ የሚቃጠል ነገር አለ! ውጡ!»

ማንም ንቅንቅ አላለም። ፕሬዚዳንቱ በፈገግታ አዩኝ።

«እናታችን የሸተታቸው በዚህ ትውልድ ልብ ውስጥ የተቀጣጠለው የሳይንስ ፍቅር ነው!»

ከሁሉ የበለጠ የተጨበጨበው ለዚህ ነው። እኔም ተቀመጥኩ፤ እሳት የጮህኩ ሴት ተጨብጭቦልኝ ተቀመጥኩ።

ልጄ ግን አልተቀመጠችም። ቀሚሷን ከእጄ አስለቅቃ መቀሱ የቀረበበትን ሳህን አነሳችና በወንበሮቹ መካከል ቆመች። በሕይወቷ ተናግራ በማታውቀው ድምፅ፣ ልክ እንደ ፕሮቶኮል ኃላፊው አድርጋ እንዲህ አለች፦

«ክቡራንና ክቡራት፣ በወጣው መርሐ ግብር መሠረት የሻይና የኬክ መስተንግዶው በአጎራባች አዳራሽ የተዘጋጀ ሲሆን፣ ኬኩ ውስን በመሆኑ...»

የቀረውን የሰማ የለም። በዩኒቨርሲቲው በየዓመቱ የእሳት አደጋ ልምምድ ይደረጋል፤ ደወል ይደወላል፣ ፊሽካ ይነፋል፣ ግማሹ ሰው ከቢሮው አይወጣም። የዚያን ቀን ግን ክፍሉ ዐይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ባዶ ሆነ። ፕሬዚዳንቱም ታሪካዊ ዳራውን ወደ ዘመናችን ሳያደርሱ፣ ለመሪ እንደሚገባ ከፊት ሆነው ወጡ። የፕሮቶኮል ኃላፊው ፕሮቶኮሉን ለማስጠበቅ ተከትሏቸው ሮጠ።

እኛ በጉልበታችን ተንበረከክን። ልጄ፣ ዝናቡና እኔ ፕላስተሩን በጥፍራችን እየላጥን ምንጣፉን ጠቀለልነው። ከቀዳዳዎቹ የታፈነው ብርድ ፊታችን ላይ ቡፍ አለ። ማሽኖቹ ጥቂት ጮሁ፣ ከዚያ ጩኸታቸው እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄደ። ዝናቡ ወደ ስክሪኑ ተጠግቶ አየ፤ መነጽሩን አወለቀ፣ ጠርጎ ደግሞ አየ።

«እየሄደ ነው» አለ። «አልተቋረጠም።»

ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። ልጄ ወለሉ ላይ እግሯን ዘርግታ ተቀመጠች። እኔ ደግሞ ወደ አዳራሹ ስንሄድ የሚደርስባትን እያሰብኩ ነበር። ማስጠንቀቂያ ታየኝ። የደመወዝ ቅጣት ታየኝ። በካርቶን ዕቃዋን ይዛ ስትወጣ፣ ዝናብ ሲመታት፣ ካርቶኑ ሲበሰብስ ታየኝ። እኔ ክፉ ክፉውን በማሰብ ማንም አይቀድመኝም፤ የሆነው ግን ለእኔም አልታየኝም።

ሾሟት።

አዳራሹ እንደገባን ፕሬዚዳንቱ ሹካ በእጃቸው እንደያዙ ብርጭቆ አንኳኩ። «በሥልጣን ዘመኔ» አሉ፣ «እንዲህ የተሳለጠ የእንግዳ ፍሰት አይቼ አላውቅም! እንዲህ ያለ ችሎታ ከማሽን ጋር ተቆልፎ መቅረት የለበትም። ከዛሬ ጀምሮ ዶክተርን የሥነ ሥርዓትና የመስተንግዶ ዋና ዳይሬክተር አድርጌ ሾሜአቸዋለሁ። የማሽን ክፍሉን ደግሞ፣ ዛሬ ማሽኖቹን እንደዚያ ያዘመረልን የፕሮቶኮል ኃላፊያችን ይረከባል።»

ዝናቡን ኬኩ አነቀው። የፕሮቶኮል ኃላፊው በደስታ እጁን ዘረጋ።

«ቁልፉን፣ ዶክተር። ፎቶዎቹ ላይ ሁሉም ሰው በሩን ነው የሚያየው፤ አላማሩም። አሁኑኑ ምንጣፉን መልሼ አነጥፍና ነገ ጠዋት በማለዳ እንደገና ፎቶ እንነሳለን።»

ነገ ጠዋት። ልጄን አየኋት፤ ቁልፉ በመዳፏ ውስጥ ነው። አሁንስ ታለቅሳለች አልኩ።

«በደስታ» አለች። «ርክክቡ ግን በደንቡ መሠረት ነው የሚሆነው።»

«የምን ርክክብ?»

«የንብረት ነዋ። ከንብረት ክፍል፣ ከሕግ ክፍልና ከኦዲት የተውጣጣ ኮሚቴ ይቋቋማል። ማሽኖቹ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። ሽቦዎቹም።»

«ሽቦዎቹም?»

«የወለሉ ቀዳዳዎችም። ኋላ ጎደለ ከተባለ ተጠያቂው የተረከበው ሰው ነው።»

የፕሮቶኮል ኃላፊው የዘረጋውን እጁን አየው፤ ከዚያ ቀስ አድርጎ ኪሱ ውስጥ ከተተው።

«እኔማ ያለ ኮሚቴ ቁልፍ ነክቼ አላውቅም» አለ፤ ክብሩ የተነካ ይመስል። «ወደፊትም አልነካም።»

«ተገቢ ነው» አሉ ፕሬዚዳንቱ። «ግን ኮሚቴውን የሚያቋቁመው ማነው?»

ጥያቄው ከባድ ነበር። ከረጅም ማሰላሰል በኋላ፣ የርክክብ ኮሚቴውን ማን ማቋቋም እንዳለበት የሚያጠና ሌላ ኮሚቴ እንዲቋቋም፣ ሹመቱም ርክክቡ እስኪጠናቀቅ ባለበት እንዲቆይ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ተጨበጨበ። ኬክም ተጨመረ።

አመሻሽ ላይ እንግዶቹ ሲበተኑ ወደ ማሽን ክፍሉ ተመለስን። ዝናቡ ስክሪኑን ለመጨረሻ ጊዜ አይቶ፣ ዐይኑን እያሸ «ጠዋት እንገናኝ» ብሎን ወደ ቤቱ ሄደ። ክፍሉ በርዷል፤ ወለሉ ራቁቱን ነው፤ ትንንሽ አረንጓዴ መብራቶች ብልጭ ድርግም ይላሉ። ልጄ ትልቁን መብራት አጠፋችና በሩ ላይ ቁልፉን አወጣች። እኔ ደግሞ ልቤ አላርፍ አለኝ፤ የመጣልኝን ክፉ ነገር ይዤ መተኛት አልችልም።

«ልጄ፣ ያ ኮሚቴ ግን ድንገት ነገ ጠዋት ቢቋቋምስ?»

ቀኑን ሙሉ ያልሳቀችውን ሳቅ ሳቀች።

«እማዬ ደግሞ፣ የማይሆን ነገር ትፈሪያለሽ» አለችኝና በሩን ቆለፈችው።