የኮልፌው ሮከኛ በቀበሌ አዳራሽ

እግዜር ሰፈር ሲፈጥር የጎረቤቱን ትዕግሥት የሚፈትን አንድ ጊታር መቺ አብሮ ይፈጥራል። ለእኛ ለኮልፌዎች የደረሰን ይገዙ የሚባል ጎረምሳ ነበር።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ ሰው ድምፁን ቀንሶ የሚያወራበት። ይገዙ ግን የፈረንጅ ሮክ በካሴት ሰምቶ ልቡ ተሰርቋል። ድምፁ እንዲጎላ ጊታሩን ከአሮጌ ራዲዮ ጋር አገናኘ፤ ጓደኛውን ሽኩርን ከበሮ ላይ አስቀመጠና «ነጎድጓድ» የሚባል ባንድ አቋቋመ። መጀመሪያ የተጫወቱት ሰርግ ላይ ነበር። ሙሽራዋ አለቀሰች፤ ሚዜዎቹ ድንኳኑ የሚወድቅ መስሏቸው ምሰሶውን ያዙ። ከዚያ ወዲያ የጠራቸው የለም።

«ልጄ፣ ምን በደልንህ?» አሉት ጎረቤታችን እማማ ወለተጻድቅ።

«እማማ፣ ጆሮ ይለምዳል!»

«የኔስ ይልመድ፤ ላሜ ወተት ከለከለችኝ እኮ!»

አንድ ቀን የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ጥሩነህ ይገዙን አስጠሩት።

«ለአብዮት በዓል አዳራሽ ውስጥ ትጫወታላችሁ። የማይረባ ነገር ከሆነ ጊታሩ ለቀበሌው የኪነት ቡድን ይወረሳል።»

ይገዙ ከሳ። ያንን ጊታር ለሽኩር እንኳ አስነክቶ አያውቅም።

በበዓሉ ዕለት ኪነቱ ዘመረ፤ አጨበጨብን። ቀጥሎ ነጎድጓድ ወጣ። ደነገጥኩ ብል አይገልጸውም፤ ጥርሴ ሁሉ የተነቃነቀ መሰለኝ። የመስኮቱ መስተዋት ተንጫጫ። ፊት የተቀመጡ ሽማግሌ አማተቡ። ጓድ ጥሩነህ ፊታቸው ጠቁሮ ብድግ አሉና እጃቸውን ወደ ላይ አነሱ።

«አቁሙ! በቃ!»

በዚያ ጩኸት ማን ይሰማቸዋል? የቀበሌያችን ሰው ደግሞ ሊቀ መንበር ተነስቶ እጁን ሲያነሳ የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፤ መፈክር። አዳራሹ ግልብጥ ብሎ ተነሳ፤ ግራ እጅ ሁሉ ተጨብጦ ወጣ። እማማ ወለተጻድቅም ነጠላቸውን አስተካክለው እጃቸውን አነሱ። አንዱ «ይውደም!» ይላል፤ ሌላው «ይለምልም!» ይላል፤ ምን እንደሚወድም፣ ምን እንደሚለመልም የሚያውቅ የለም።

ጓድ ጥሩነህ ዞረው አዩን። ያን ሁሉ ሕዝብ «ተሳስታችኋል» ማን ይለዋል? የተዘረጋው መዳፋቸው ቀስ እያለ ተጨበጠ። እሳቸው እኛን ፈርተው፣ እኛ እሳቸውን ፈርተን፣ ማንም እጁን ሳያወርድ ዘፈኑ አለቀ።

«የሰፊው ሕዝብ ቁጣ በደንብ ተገልጿል» አሉ ላባቸውን እየጠረጉ። «ጊታሩ እዚያው እናንተ ጋ ይቆይ።»

ይገዙ ጊታሩን እንደ ሕፃን አቅፎ ከመድረክ ወረደና ቀጥታ ወደ እኔ መጣ።

«እንዴት ነበር?»

እኔ ሰው ፊት ስሜን መናገር የሚጨንቀኝ ሰው ነኝ። እውነቱን ነገርኩት።

«አልሰማሁም፤ እኔም ስጮህ ነበር።»