የይበልጣል ሹመትና የእድሩ ድንኳን

ትናንት ሌሊት እንቅልፍ ጭልጥ አድርጎ ሲወስደኝ ከተማችን ተገልብጣ ጠበቀችኝ። የቤቶቹ ቆርቆሮ መሬት ላይ ተነጥፏል፤ ሰዉ በላዩ እየተራመደ ቤቱን በራሱ ላይ ተሸክሞ ይሄዳል። ማንንም አልገረመውም። እኔ ግን ጠረጠርኩ። ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር።

ልጄ ይበልጣል የገዛ ሱቁ በር ላይ ተሰልፎ ነበር። ክልል ገብቶ የቢሮ ኃላፊ ከመሆኑ በፊት ቆርቆሮና ሚስማር የሚነግድበት ሱቅ ነው። በሕልሜ ገዢዎቹ ከባንኮኒው ኋላ ተቀምጠዋል፤ ባለሱቁ ውጭ ቆሟል።

«ምን ልስጥህ?» አለችው አንዲት ገዢ።

«ሕዝብ።»

«ስንት ኪሎ?»

«ለአንድ ምርጫ የሚበቃኝ።»

«እንግዲያው መጀመሪያ አንተ ተመዘን።»

የሚስማር ሚዛኑ ላይ አወጡት። ያ ደንዳና ልጄ እንደ ላባ ቀለለ። ተጨበጨበ።

«ቀሏል፤ ለሹመት ይበቃል» አሉ። «ከባድ ሰው ደረጃ አይወጣም።»

«እኔ ስወልደው ከባድ ነበር» አልኩ። የሰማኝ የለም።

ወዲያው ከተማው ጠፍቶ የክልሉ ቢሮ ፊት ለፊት ቆምኩ። አንድ ነጭ ላንድክሩዘር በሾፌሩ ጀርባ ታዝሎ መጣና ልጄን አድርሶ ሄደ። በሩ ላይ ያለው ዘበኛ የሚገባውን ቀና ብሎም አያይም፤ የሚወጣውን ግን ያስቆማል።

«ይሄ የምን በር ነው?» አልኩት።

«የቢሮ በር ነው፣ እማማ።»

«ታዲያ የሚወጣውን ለምን ትይዛለህ?»

«የሚገባው መቼ አስቸገረን?»

ከይበልጣል በፊት በዚያ ወንበር የተቀመጠው ሰው እጁ በካቴና ታስሮ እንደወጣ ትዝ አለኝ። እሱ እንኳ ሕልም አይደለም፤ በዓይናችን ያየነው ነው።

ውስጥ ግምገማ ተጀምሯል። ሰብሳቢው በግ ነበር። ወዲያው አወቅሁት፤ ይበልጣል የተሾመ ዕለት ያረድነው ቀይ ሙክት ነው። ቢላዋ ያለፈበትን አንገቱን በከረባት ሸፍኖታል።

«ግለ ሂስህን አቅርብ» አለው በጉ።

«እናቴን አልሰማሁም» አለ ልጄ አንገቱን ደፍቶ።

«ምን አለችህ?»

«ቆርቆሮ ሻጭ ዝናብ ሲመጣ ደስ ይለዋል፤ ሹም ግን በጠራራ ፀሐይም ጣሪያ ጣሪያውን ያያል አለችኝ።»

በጉ ወደ እኔ ዞረ። «እርስዎ ምን አይተው ጠረጠሩ?»

«ምንም አላየሁም። እኔ ሁልጊዜ ነው የምጠረጥረው።»

«ያን ዕለት ጨው ሲያልሱኝ እኔም መጠርጠር ነበረብኝ» አለና ከረባቱን አስተካከለ።

እግሬ አውጪኝ ብዬ ስሮጥ የገዛ ግቢዬ ውስጥ ገባሁ። የእድራችን ድንኳን ተተክሏል። የሰፈሩ ሴቶች ነጠላቸውን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቀው፣ ጥለቱን ወደ ላይ አድርገው ንፍሮ ይቅማሉ። ሲያዩኝ ተነሥተው አለቀሱ።

«እግዚአብሔር ያጥናሽ፤ ልጅሽ ተሾመ።»

«ሌላ አያሰማሽ።»

«ልጄ የት አለ?» አልኩ።

«ክፉ አታስቢ። ከፍ ብሏል።»

«ወዴት ነው ከፍ ያለው?»

ሁሉም ንፍሯቸውን ማየት ጀመሩ። ከድንኳኑ ጀርባ የይበልጣል ድምፅ መጣ፤ የሕፃንነቱ ድምፅ ነው።

«እማዬ፣ ሱቁን አላከራየሽውም አይደል?»

«ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው፣ ልጄ። ስትመለስ ትከፍተዋለህ።»

የሚመልሰውን እንዳልሰማ የካስማ ድብደባ ዋጠው። ደው፣ ደው፣ ደው። ነቃሁ።

ነግቷል። አንገቴን ዳበስኩ፤ ቁልፉ አለ። ሕልም የሚፈታው ተገልብጦ ነው ይላሉ፤ ለቅሶ ያየ ደስታ ያገኛል፣ ሠርግ ያየ ይቀብራል። ግን እኔ ያየሁት የትኛውን ነው? ይህን ሳሰላስል ነው ድብደባው እንዳላቆመ ልብ ያልኩት።

መስኮቱን ከፈትኩ። የእድራችን ሰብሳቢ ጋሽ ጥላዬ ከሰዎቹ ጋር ሆኖ ግቢዬ ውስጥ ድንኳን ይተክላል።

«ጋሽ ጥላዬ፣ ማን ሞተ?»

«ኧረ የሞተ አልሰማንም፣ ዝማም። ከወረዳ ደውለው ድንኳን ትከሉ አሉን። ከክልል ሰዎች እየመጡ ነው።»

«እኔ ቤት?»

«አንቺ ቤት። በይበልጣል ጉዳይ ነው አሉ።»

«እንኳን ደስ ያለሽ ሊሉኝ ነው ወይስ መርዶ ሊነግሩኝ?»

ካስማውን በእግሩ እየረገጠ ቀና ሳይል መለሰልኝ። «አልጠየቅንም። ከላይ ትከሉ የተባለ ሰው ለምን ብሎ ይጠይቃል? ድንኳኑ እንደሆነ አንድ ነው።»

የይበልጣል ስልክ ላይ ደወልኩ። ዝግ ነው። ደግሜ ደወልኩ።

ከመንገዱ ማዶ የመኪኖች ድምፅ ተሰማ። ጋሽ ጥላዬ መዶሻውን አስቀምጦ ባርኔጣውን አወለቀ፤ ትንሽ አሰበና መልሶ አደረገው። እኔም ነጠላዬን ከአልጋው ራስጌ አነሣሁ። ጥለቱን አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች አደረግኩት። መኪኖቹ በሩ ላይ ሲቆሙ ነጠላው ገና በእጄ ነበር።