ጳጉሜን የሰረዙት በጎች

ትናንት ሌሊት፣ ልጄ ሶስና በሳንባ ምች በተኛችበት ክሊኒክ፣ አልጋዋ አጠገብ ወንበር ላይ እንቅልፍ ጣለኝና ሕልም አየሁ። ደህና ሕልም እንደማይሆን ገና ዓይኔን ሳልከድን አውቄዋለሁ።

በሕልሜ ክሊኒኩ ያው ነበር፤ ሐኪሞቹ ግን ውጭ ፀሐይ ላይ ተሰልፈዋል። አንድ ሽበታም ስፔሻሊስት ነጠላዬን ያዝ አድርጎ፣ «እትዬ፣ ከንጋት ጀምሮ ቆሜያለሁ። እባክሽ አንድ በሽታ ንገሪኝ» አለኝ።

በር ላይ የተቀመጠችው በሽተኛ ጥፍሯን እየሞረደች፣ «ታካሚዎች ስብሰባ ላይ ናቸው። ነገ ተመለስ» አለችው።

ጥሩ ነው አልኩ በልቤ፤ እነሱም ይቅመሷት።

ውስጥ ስገባ አልጋው ላይ ኮምፒውተር ግሉኮስ ተሰክቶለት ተኝቷል። ጠያቂዎች ብርቱካንና ሙዝ ይዘው ከበውታል። ሶስና ወለሉ ላይ ተቀምጣ ታስላለች። «ዝም በይ፣ ይረበሻል» ይሏታል።

በአዳራሹ ክራቫት ያሰሩ በጎች የአዲሱን የሕሙማን መዝገብ ዕቅድ እያወጡ ነበር። አንዱ ራሱን ሲነቀንቅ ሁሉም ይነቀንቃሉ። ዕቅድ መቼም የሚወጣው እንዲህ ነው።

«ልጄ ፔኒሲሊን አይስማማትም» አልኳቸው። «ባለፈው ተወግታ ትንፋሿ ሊቋረጥ ነበር። በድሮው ካርዷ ላይ በቀይ ተጽፏል። እዚህም ጻፉልኝ።»

ሰብሳቢው በግ መነጽሩን አስተካከለ። «መቼ ተወለደች?»

«ጳጉሜ ሦስት፣ የሩፋኤል ዕለት።»

«እንዲህ የሚባል ወር በዕቅዱ የለም።»

«እንዴት አይኖርም? ከነሐሴ በኋላ ምን ልታደርጉ ነው?»

«ወደ ሐምሌ እንመለሳለን።»

«ለምን?»

ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ወይዘሮ፣ ከጳጉሜ ቀጥሎ ምን ይመጣል?»

«እንቁጣጣሽ ነዋ።»

«ለእናንተ» አለ። ሁሉም አንገታቸውን ዳሰሱ።

እውነቱን ለመናገር፣ ቢሮ ለቢሮ ስዞር ከሰማኋቸው ምክንያቶች ሁሉ አጥጋቢው ይኸኛው ነው። ግን ልጄስ?

«ልጅሽማ ገና አልተወለደችም» አለ ሰብሳቢው። «ያልተወለደ ሰው ደግሞ መድኃኒት አይስማማኝም ሊል አይችልም። ይልቅ እንኳን ደስ አለሽ።»

በጎቹ ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። ዞር ብዬ ሶስናን ባያት የለችም፤ ወለሉ ላይ የቀረው ሳሏ ብቻ ነው። እነዚህን በጎች የሚያርድ ሰው ጥሩልኝ ልል አፌን ስከፍት ነቃሁ።

ነግቷል። ሶስና አለች፤ ትተነፍሳለች። ተመስገን ብዬ ሳልጨርስ ነርሷ መርፌ በትሪ ይዛ አጠገቤ ቆማለች።

«ምንድን ነው?»

«ፔኒሲሊን ነው፣ እናቷ።»

«ካርዷን አላየሽም? በቀይ ተጽፎ?»

«ካርድ ቀርቷል። ከትናንት ጀምሮ በአዲሱ ሲስተም ነው የምንሠራው። ጳጉሜን አልቀበልም ስላለን መስከረም አንድ ብለን አዲስ መዝገብ ከፈትንላት።»

«አዲሱ ስለ አለርጂዋ ምን ይላል?»

«የለባትም ይላል።»

«ማን ሞላው?»

«ማንም አልሞላውም። ባዶ ሲተው ራሱ የለባትም ይላል፤ ሲታቀድም እንዲህ ተብሎ ነው የታቀደው» ብላ ራሷን ነቀነቀች።

«ዶክተሩን ጥሪልኝ።»

«ስብሰባ ላይ ናቸው። ስለ አዲሱ ሲስተም።»

እጄን የሶስና ክንድ ላይ ጫንኩ። መርፌው እንዳያገኛት እስካሁን እንደጫንኩት ነኝ።