ገና ያልደረሰው ምላጭ

ከአርባ ዓመት በፊት፣ ሸዋ ሮቢት ውስጥ፣ በኒም ዛፍ ጥላ ሥር ጢም ላጩ አብዱረሂም ለደንበኛቸው ሲያወሩ ካሳሁን በልጅነቱ ሰምቶ ነበር። «የተንጠለጠለች ፀጉር የማይቆርጥ ምላጭ የሰው ፊት ማየት የለበትም...» ሲሉ፣ አንድ ባለተሳቢ መኪና ጥሩምባውን እየነፋ አለፈ። የቀረውን አቧራው በላው። ታላላቅ ጥበቦች ለትውልድ የሚተላለፉት እንዲህ ነው፤ ግማሹ ለእኛ፣ ግማሹ ለአቧራ።

ባለፈው ጥቅምት ካሳሁን ከአሊዩ አምባ ገበያ አንድ የዛገ ታጣፊ ምላጭ ገዝቶ ሲመለስ ያቺ ግማሽ ቃል ትዝ አለችው። የሱቅ ምላጭ በዚያኑ ቀን እርግፍ አድርጎ ተወ። ዝገቱን በአመድና በሎሚ አሸ፤ ብረቱ ከሥር ብቅ ብሎ ሲፈካ «ተመስገን» አለ። የቀንድ እጀታውን በዘይት ወለወለ። በድንጋይ ሳለው፣ በቀበቶው ቆዳ ላይ አመላለሰው፤ ሽው፣ ሽው የሚለው ድምፅ አንጀቱን ያርሰው ነበር። ከዚያ ከጢሙ አንዲት ፀጉር ነቅሎ ያንጠለጥልና ስለቱን ያስጠጋባታል። ፀጉሯ በትሕትና ጎንበስ ብላ ታሳልፈዋለች።

«ገና ነው» ይላል።

ጥር ገባ። ጢሙ አንገቱን አልፎ ወረደ።

በአገሩ ደግሞ ድንገት ጢሙን ያሳደገ ጎልማሳ ሐዘንተኛ ነው። በትጋቱ በምሳሌነት የሚጠቀሰው የእድሩ ሰብሳቢ ድንኳን አስጭኖ ከች አለ።

«ሟች ማን ነው?»

«ኧረ ማንም አልሞተ!»

«እሱ በስብሰባ የሚጣራ ጉዳይ ነው። ለጊዜው እግዚአብሔር ያጽናህ» ብሎ ድንኳኑን ተከለ።

ይሄም ባልከፋ። በዚያው ሳምንት እሑድ ሴት ልጁን ሊያን ለልጃቸው ሊጠይቁ ሽማግሌዎች ከጀውሃ መጡ። ድንኳኑን አዩ፤ ጢሙን አዩ፤ «ያጽናችሁ» ብለው ተመለሱ። ሐዘን ቤት ልጅ አይጠየቅማ! ሊያ አለቀሰች። ድንኳኑም በዚህ ሥራ አገኘ።

«አንተ ሰውዬ፣» አለች ባለቤቱ ሮማን፣ «ለሚመጣው እሑድ ደግመው እንዲመጡ ልኬባቸዋለሁ። ወይ ጢምህ ይወርዳል፣ ወይ ልጅህ ቆማ ትቀራለች!»

«ምላጩ እኮ ገና...»

«የሱቁን ግዛ!»

«ደንብ አለው፣ ሮማን።»

ሮማን የደንቡን ባለቤት አዛውንቱን አብዱረሂምን በባጃጅ አስመጣቻቸው።

«ጋሼ አብዱረሂም፣ አንቱ ያሉትን ነው እኮ የጠበቅኩት» ብሎ ካሳሁን ቃሉን ደገመላቸው።

ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «ወላሂ፣ እሱ ቀልድ ነው! ‹የሰው ፊት ማየት የለበትም እያለ ሲስል ኖሮ፣ አንድ ፊት ሳይላጭ የሞተ ጢም ላጭ ነበር› ነው የሚለው።» ስለቱን በአውራ ጣታቸው ዳሰስ አደረጉት። «ይሄ ደግሞ ከደረሰ ከራርሟል። ቁጭ በል!»

ምላጩ በሳሙናው አረፋ ላይ ሹክ እያለ ወረደ። ካሳሁን ዓይኑን ጨፍኖ እንደ ቅዳሴ አደመጠው። ድንኳኑም «ሟች ባለመገኘቱ» በሚል ቃለ ጉባኤ ተነቀለ።

እሑድ ሽማግሌዎቹ መጡ። እንደ ወጉ ቢሆን የሴት ልጅ አባት «ከዘመድ ልምከር» እያለ ሁለት ሦስት ጊዜ ያመላልሳል። ካሳሁን ግን የለሰለሰ ጉንጩን እየዳሰሰ፣ ገና ሳይቀመጡ «ሰጥተናል» አለ።

ሽማግሌዎቹን ደስታው አደፋፈራቸው። «እንግዲያው ሙሽራው በሠርጉ ጠዋት እንዲላጭበት፣ ያንን አገር ያወራለትን ምላጭ ያውሱት።»

የካሳሁን ፊት ተለዋወጠ።

«እሱን እንኳ... ከዘመድ ልምከርበት። ለሳምንት ተመለሱ።»

ተመለሱ። ደግመው ተመለሱ። በሦስተኛው የአባትነት አንጀቱ አልችል አለና ተስማማ፤ ሙሽራው እቤት ድረስ መጥቶ፣ እጁን ታጥቦ፣ ምላጩን ከሩቅ እንዲያየው።