ጋሽ ወንድይራድ የዘለላቸው አራት መስመሮች

ሐበሻ በተሰበሰበበት አገር ሁሉ፣ ማንም ሳይሾመው የተሾመ አንድ የጤና ሚኒስትር አይጠፋም። አንዳንዱ ሰፈር የደም ግፊት ይደርሰዋል፣ አንዳንዱ የስኳር። እዚህ ኖርዌይ፣ ጋምለ ኦስሎ የሚባለው ሰፈር ያሉት ኩላሊት ደርሷቸው፣ በየደረሱበት ውሃ ጠጡ እየተባሉ መከራቸውን ያያሉ አሉ። እኛ ሃውገንስቱዋ ሰፈር የምንኖረው ግን የደረሰን ጥርስ ነው፤ ሚኒስትሩም ክቡር ጋሽ ወንድይራድ ናቸው። ማዕረጉን አንዴ ጠርተናል። ከእንግዲህ እንደ ልማዳችን አንተ እያልን እንቀጥላለን፣ እሱም አይቀየምም።

የሥልጣኑ ምንጭ አንድ ወረቀት ነው። ሊንደሩድ የገበያ ማዕከል አጠገብ ያለ የጥርስ ሕክምና ቤት ወቅት በተለወጠ ቁጥር ለደንበኞቹ ደብዳቤ ይልካል። በመኸር ስለ ተማሪ ልጆች ጥርስና ስለ ፖም ኬክ፣ ከገና በፊት ስለ ዝንጅብል ብስኩትና ማርሲፓን ስለሚሉት የለውዝ ጣፋጭ፣ በፋሲካ በረዶ ላይ ተቀምጠው ስለሚልጡት ብርቱካን፣ በበጋ ስለ አይስክሬም። ኖርዌጂያኖቹ ከማስታወቂያው ጋር ደባልቀው ይጥሉታል። ጋሽ ወንድይራድ ግን እንደ አዋጅ በሁለት እጁ ተቀብሎ፣ በቀይ እስክሪብቶ አስምሮበት፣ ወደ አማርኛ መልሶት፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ሻይ ሲቀርብ ተነስቶ ያነበዋል። ሃያ ሁለት ዓመት ቫክትሜስተር፣ የትምህርት ቤት ሕንፃ ተቆጣጣሪ ሆኖ ቧንቧ ሲጠግንና በረዶ ሲጠርግ ስለኖረ፣ ኖርዌጅኛው እንከን አይወጣለትም። ድምፁማ ያለ ማይክሮፎን ሁለት አዳራሽ ይበቃል።

መተርጎም ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። እሱ ግን ይጨምርበታል። ደብዳቤው ለውዝ በጥርስ አትስበሩ ካለ፣ ጋሽ ወንድይራድ ቆሎም፣ የቢራ ቆርኪም፣ የልብስ ክርም ብሎ ያሟላዋል። አንድ ሠርግ ላይ ሚዜው ተክሉ ቢራ በጥርሱ ሊከፍት ሲል፣ ከሦስት ጠረጴዛ ማዶ ተነስቶ መጥቶ ጠርሙሱን ከአፉ ነጠቀውና፣ እግዜር የሰጠው ጥርስ ነው ወይስ የመሣሪያ ሣጥን ብሎ ጠየቀው። ከዚያ ስለ ጥርስ ልባስ ማስረዳት ጀመረ። ኬኩ ሲቆረስ ግማሹ እንግዳ አፍሮ ሳይበላ ወጣ። ለቅሶ ቤት ሄዶ ደግሞ፣ ሻይዋ ውስጥ ሦስተኛ ማንኪያ ስኳር ለምትጨምር ሐዘንተኛ በጆሮዋ «ሞቱስ አንዴ መጥቶ ሄደ፣ ስኳሩ ግን በየቀኑ ነው» ብሏታል ይባላል። እሱ አላልኩም ይላል።

ሰላምታው ራሱ ደህና ነህ ወይ አይደለም፣ መቼ ታየህ ነው። «ጥርስ ዝም ሲል አትመኑት» ይላል፣ ጣቱን አቁሞ። በደረጃ ላይ ያገኘው ሰው አፉን በእጁ ጋርዶ ነው የሚስቀው።

ታዲያ ይህ ሰው አንድ ምስጢር ነበረው። ካደገ ወዲህ የጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ ተቀምጦ አያውቅም። ይፈራል። ፍርሃት ስላችሁ ሆድን ትንሽ የምታላውሰዋን አይደለም። የመሰርሰሪያውን ድምፅ ከኮሪደር ሲሰማ መዳፉ ይረጥባል፣ የመውጫውን በር በዓይኑ ይፈልጋል። አባቱ ይህን ስም ሲያወጡለት ሌላው ወንድ እንዲርድለት ነበር፤ ነገሩ ተገለበጠ። ልጅ ሳለ አንድ ድሬሰር፣ አጎቱ ደረቱ ላይ ተንበርክኮ፣ ሁለት ጎረቤት እግሩን ይዘውለት፣ ጥርሱን በጉጠት ነቅሎለት ነበር። በኋላ ሲታይ የተነቀለው ደህናው ነው።

ፍርሃቱን የት እንደደበቀው ብትሰሙ ትስቃላችሁ፤ ጨዋነት ውስጥ ነው። በየጊዜው ቀጠሮ ያስይዛል። ቀኑ ሲደርስ ግን ጥርሱን የሚያመው አንድ ሰው ፈልጎ ይዞ ይሄድና፣ በሩ ላይ «የባሰበት ይቅደም» ብሎ ቦታውን ይለቃል። ማን ይከራከረዋል? እኛ እንደሆንን በር ላይ አንተ ቅደም፣ ኧረ አይሆንም አንተ ቅደም ስንባባል ዕድሜያችንን የጨረስን ነን። የተለቀቀለት ሁሉ መርቆት ይገባል፣ እሱም ተመርቆ በሰላም ወደ ቤቱ ይመለሳል። እዚያ ሕክምና ቤት የሐኪሟ ረዳት የሆነችው ጸዳለ አንድ ቀን መዝገቡን አይታ፣ «ጋሽዬ፣ በእርስዎ ቀጠሮ ዘጠኝ ሰው አክመናል፤ የእርስዎን አፍ ግን እስካሁን አላየነውም» አለችው። እሷ እየሳቀች ነው ያለችው። እሱ ግን ካፖርቱን ሳይቆልፍ ወጣ።

እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2008፣ ዲሴምበር ላይ፣ የገናው ደብዳቤ መጣ። በዚያ ሰሞን በግራ በኩል የታችኛው መንጋጋው መጠዝጠዝ ጀምሮ ነበር። በቀኝ ያኝካል፣ በቀኝ ጎኑ ይተኛል፤ በምላሱ ሲዳስሰው ድዱ ላይ ሽንብራ የሚያህል እብጠት አለ። ደብዳቤውን ወጥ ቤት ቁጭ ብሎ አነበበው። ብስኩቱ፣ ማርሲፓኑ፣ ለውዙ እንደ ወትሮው ነው። ከታች ግን በሣጥን የተከበቡ አራት መስመሮች ነበሩ። ሕክምና ቤቱ ከገና ዋዜማ እስከ አዲስ ዓመት ማግስት ዝግ ነው፤ በዚህ መሃል ጉንጭ ወይም አገጭ ካበጠ፣ ትኩሳት ካለ፣ መዋጥ ካስቸገረ፣ አንድ ቀን እንኳ ሳታሳድሩ ለተረኛው የጥርስ ሐኪም ደውሉ፤ ኢንፌክሽኑ ወደ ጉሮሮ ወርዶ ትንፋሽ ሊዘጋ ይችላል ይላሉ። ስልክ ቁጥሩም ተጽፏል። ጋሽ ወንድይራድ ሦስቴ አነበባቸውና ወረቀቱን ገለበጠው። ስለ እሱ የተጻፉ መሰሉት።

እሑድ አርባ ሰው ፊት ቆሞ ማንበብ ጀመረ። ማርሲፓኑ ላይ አሳቀን፣ ለውዙ ላይ ተቆጣን። ሣጥኑ ጋ ሲደርስ ወረቀቱን ወደ ዓይኑ አስጠጋ። ጮክ ብሎ ካነበበው እውነት ሊሆንበት ነው፤ ከዚያ ቀጥሎ ያለው ወንበሩ ነው። «ካበጠም» አለ፣ ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሳ፣ «በሞቀ የጨው ውሃ መጉመጥመጥ ነው። ሦስት ቀን። ይጎድላል።» ወረቀቱ ላይ እንዲህ የሚል ነገር የለም። ለራሱ ሲነግረው የሰነበተውን ነው ለእኛ ያነበበልን። እኛም አመስግነን ሻያችንን ጠጣን።

ከሚያዳምጡት መሃል አደይ፣ በትግርኛ እናቴ፣ የምንላቸው አብረኽት ነበሩ። አስመራ ተወልደው አዲስ አበባ ያደጉ፣ ጡረታ እስኪወጡ የሆቴል አልጋ ሲያነጥፉ የኖሩ፣ ሰባ ሁለት ዓመት የሆናቸው ሴት ናቸው፤ ቤታቸው ከጋሽ ወንድይራድ አንድ ፎቅ በላይ ነው። ኖርዌጅኛ ማንበብ አይችሉም። ከኮሙኑ፣ ከማዘጋጃ ቤቱ፣ የሚመጣላቸውን ፖስታ ሁሉ የሚያነብላቸው እሱ ነው። ከእሱ ቃል አስበልጠው የሚያምኑት ወንጌሉን ብቻ ነው ብንል አላጋነንም።

የፈረንጅ ገና ባለፈ ቅዳሜ ጠዋት፣ ጋሽ ወንድይራድ ከጣሪያው በላይ የአደይ አብረኽት ኮቴ አልሰማ ቢለው ደረጃውን ወጣ። ቆይተው ከፈቱለት። ፊታቸውን በነጠላ ጠምጥመውታል፤ ቀኝ ጉንጫቸው አብጦ ዓይናቸውን ዘግቶታል፣ እብጠቱ አገጫቸውን አልፎ አንገታቸው ላይ ደርሷል። ምራቃቸውን መዋጥ አቅቷቸው በፎጣ ይጠርጉታል። ትኩሳታቸው በር ላይ ለቆመው ሰው ይሰማል።

«ወደይ» አሉት፤ በእሳቸው ቋንቋ ልጄ ማለታቸው ነው። ቃሉ ከአፋቸው በግድ ነበር የሚወጣው። «እንዳልከው ተጉመጠመጥኩ። ዛሬ ሦስተኛው ቀን ነው። አሁን ይጎድላል?»

ጋሽ ወንድይራድ በዕድሜው ብዙ ፈርቷል፤ እንደዚያን ጠዋት ግን ፈርቶ አያውቅም። ሴትዮዋን የገደልኳቸው እኔ ነኝ አለ በልቡ። ደረጃውን በካልሲው ወርዶ፣ ደብዳቤውን ከመሳቢያ አውጥቶ፣ ተመልሶ ወጣ። ቁጥሩን ሁለቴ ተሳስቶ በሦስተኛው ደረሰ። ስልኩን ያነሳችው ሴት መዋጥ ይችላሉ ወይ አለችው፤ ኔይ፣ አይችሉም አላት። ከመቼ ጀምሮ ስትለው ሦስት ቀን አላት። ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን ቆያችሁ አለችው። ቶሎ አምጣቸው፣ መንገድ ላይ ትንፋሽ ካጠራቸው ወዲያው አምቡላንስ ጥራ ብላ ዘጋች።

ታክሲው ውስጥ ዓይኑን ከደረታቸው ላይ አልነቀለም። ይወጣል፣ ይወርዳል። አንዳንዴ ሲወርድ ይዘገያል፣ ያኔ የእሱም ትንፋሽ ይቆማል። መንገዱ በረዶ ነው፣ ሾፌሩ ሕግ አክባሪ ነው፣ የከተማው ቀይ መብራት ሁሉ የዚያን ቀን እሱን የጠበቀ መሰለው። ከራሱ መንጋጋ የሚነሳው ሕመም ጆሮው ድረስ ይመታል፤ እሱን ያስታወሰውም የለ። አደይ አብረኽት አንድ ጊዜ እጃቸውን ዘርግተው ጉልበቱን ቸብ ቸብ አደረጉት፣ አይዞህ ለማለት። ይኼኔ ነው ዕንባው የመጣው።

ተረኛው ሐኪም ቤት ሳያስጠብቃቸው አስገባቸው። አደይ አብረኽት ግን በሩ ላይ ወንበሩን ሲያዩ ቀጥ አሉ። መብራቱን አዩ፣ መርፌውን አዩ፣ የጋሽ ወንድይራድን ካፖርት እጅጌ ጨምድደው ያዙ። ሐኪሟ ጊዜ የለንም አለች። እሱ ከልማዱ የተነሳ ይቅደሙ ሊል እጁን ዘርግቶ ነበር።

«አንተ ስንት ጊዜ ተቀምጠህበታል» አሉት። «እውነቱን ንገረኝ፣ ያማል?»

መልሱ ምላሱ ላይ ነበር። ምንም አያምም፣ ጉንዳን የነከሰ ያህል ነው። ለዘጠኝ ሰው ያለው ይህንኑ ነው። እውነቱን ከተናገረ ሴትዮዋ ዞረው ይወጣሉ፣ ከወጡ ደግሞ ማታን አያዩም። በዚያች ባልተዘጋች አንድ ዓይናቸው ግን አተኩረው ያዩታል። ባለፈው የዋሻቸው እዚህ አድርሷቸዋል፤ ድጋሚ መዋሸት አቃተው።

«ካደግኩ አንድም ቀን ተቀምጬበት አላውቅም» አላቸው። «እፈራለሁ። ወረቀቱ ካበጠ በዚያው ቀን ደውሉ ነበር የሚለው። ስለፈራሁ ዘለልኩት።»

ቢሰድቡት፣ ጥለውት ቢወጡ እንኳ አይፈረድባቸውም ነበር። እሳቸው ግን እጅጌውን ይበልጥ ጨበጡ፣ አየር እየሳቡ።

«እንግዲያው ሁለታችንም ፈሪ ነን» አሉ። «ከእኔ ቀጥሎ አንተ ትገባለህ። ማልልኝ።»

ጋሽ ወንድይራድ ከመቸኮሉ የተነሳ እንደ አገሩ ልማድ እርስዎ ይሙቱ ብሎ ሊምል ጀምሮ፣ ግማሹ ላይ ነቅቶ ዋጠው። ቀጥሎ «ሚካኤልን» አለ። አደይ አብረኽት ወንበሩ ላይ ወጡ።

ሐኪሟ አደንዝዛ፣ እብጠቱን ከፍታ፣ መግሉን አፈሰሰችና ጥርሱን ነቀለች። እስከ ማታ ቢቆዩ ኖሮ ጉሮሯቸው ይዘጋ ነበር አለች። ሁለት ቀን ሆስፒታል እንዲተኙም ጽፋ አምቡላንስ አስጠራች። እስኪመጣ ድረስ አደይ አብረኽት ጎን ያለች በርጩማ ላይ ተቀመጡ፣ አፋቸው በጥጥ ተሞልቷል። መናገር አይችሉም። ጣታቸውን አነሱና ወንበሩን አሳዩት።

ሐኪሟ የታካሚውን ስም ጠየቀች። የሰው ስም ሲያስመዘግብ የኖረ አፍ የራሱን ለማውጣት ጊዜ ወሰደበት። ወንበሩ ላይ ወጥቶ ተቀመጠ። ከመንቀጥቀጡ ብዛት አጠገቡ ያለው የመሣሪያ ትሪ ተንኳኳ፤ መርፌው ገና ሳይነካው እናቴን ብሎ ጮኸ፤ አለቀሰም። አደይ አብረኽት የአምቡላንሱ ሰዎች እስኪወስዷቸው ድረስ የጫማውን ጫፍ ይዘው አልለቀቁትም። አመመው ወይ ካላችሁ፣ ጃ፣ አመመው። ግን ሲያስበው ከኖረው አይበልጥም ብሎናል፣ እሱ ይህን ሲል እንኳ እየገረጣ ነው።

በሁለተኛው እሑድ አዳራሹ ውስጥ ተነሳና አራቱን መስመሮች እንደተጻፉት፣ ምንም ሳይጨምርና ሳይቀንስ፣ ሁለት ጊዜ አነበባቸው። ቀጥሎ ያደረገውን ሁሉ ተናገረ። የተቆጣው ሰው ብዙ ነበር፤ መቆጣቱም ልክ ነው። አደይ አብረኽት ፊት ለፊት ተቀምጠው ሾርባቸውን እየጠጡ፣ ሁላችንም እስኪወጣልን ጠበቁና፣ በቃ አሉ።

አመሉን ተወው እንዳትሉኝ። ዛሬም መቼ ታየህ ይላል፣ ዛሬም ሠርግ ያበላሻል። ለውጡ ከእኛ በኩል ነው። ከዚያ ወዲህ ሃውገንስቱዋ ውስጥ የጥርስ ቀጠሮ ያለው ሁሉ እሱን ሳይዝ አይሄድም። መጠበቂያው ክፍል ውስጥ ከጎናችን ይቀመጣል። መሰርሰሪያው ማዶ ማፏጨት ሲጀምር ፊቱ አመድ ይመስላል፣ እጃችንን ይይዝና እሱ ይንቀጠቀጣል። አይዞህ ጋሽዬ፣ ምንም አትሆንም፣ ውሃ ላምጣልህ እያልን እሱን ስናባብል ስማችን ይጠራል፤ ሳናስበው ተነስተን እንገባለን። ዞር ብለን ስናየው ካፖርታችንን ታቅፎ በሩን ያያል፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ይጸልያል። ዕድሜ ይስጠው፤ ይህን ያህል የፈራልን ሰው የለንም።