አማቴ ሞተር ሲገጥሙ

በየሰፈሩ፣ እጁ እስካለ ድረስ ለባለሙያ በሩን የማይከፍት አንድ ሰው አይጠፋም። ቧንቧ ቢፈነዳ ራሱ፣ መብራት ቢጠፋ ራሱ፤ ጥርሱ ቢነቃነቅበትም ጉጠት ፍለጋ የሚነሳ ይመስለኛል። ሌላው ሰው እንዲህ ያለውን ጎረቤት ከአጥር ማዶ ሆኖ ይፈራዋል። እኔ የምፈራው እዚያው ግቢ ውስጥ ሆኜ ነው፤ አማቴ ናቸውና።

ክቡር ዋና መሐንዲስ አባባ (ማዕረጉን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ፤ በሹክሹክታ) በዕድሜ እኔን የምትበልጥ መኪና አለቻቸው። ሞተሯ ነፍስ ይማር ከተባለ ቆይቷል። "ይሽጧት" ብንላቸው አኮረፉን። ከዚያ ከተጋጨ ዘመናዊ መኪና የወጣ ሞተር በጋሪ አስጭነው መጡና እኔና ልጃቸው ከምንተኛበት ክፍል መስኮት ሥር አራገፉት።

"አባባ፣ ይሄ እዚያ ውስጥ ይገባል?"

"ይገባል። ምንም አትል!"

"ምንም አትል" ሲሉ ስሰማ መጀመሪያ የማየው በር የቱ ጋ እንዳለ ነው።

ሞተሩን የሚያነሱበትን ሰንሰለት ያሰሩት በበረንዳው ወራጅ ላይ ነው። ያው ወራጅ የእኛንም ጣሪያ ተሸክሟል። ሞተሩ ከመሬት ሲነሳ ወራጁ ሲጢጥ አለ፤ ነፍሴም አብራ ሲጢጥ አለች። ሚስቴ ቤት ውስጥ ልብስ ታጣጥፋለች።

"ኧረ ነይ ውጪ!" ብዬ ጮህኩ።

"አባባ እኮ ነው" ብላኝ ማጣጠፏን ቀጠለች። በዚህ ቤት የመፍራት ሥራ ሙሉ በሙሉ ለእኔ ተሰጥቷል።

ሞተሩ ረዝሞ አልገባም አለ። ሌላ ሰው ቢሆን ሞተሩን ይመልስ ነበር፤ እሳቸው መኪናዋን ቆረጧት። በሹፌሩ እግርና በሞተሩ መካከል ያለውን ብረት በግራይንደር ሲበጥሱት ፍንጣሪው እስከ ቤንዚኑ ጀሪካን ይደርሳል። ባለቤታቸው እማማ እርጥብ ብርድ ልብስ ይዘው ቆመው "አንተ ሰውዬ!" ይላሉ፤ ከዚያ አያልፉም። እኔ ጀሪካኑን ታቅፌ ከግቢ ወጣሁ። ጎረቤት "ወዴት ነው?" ቢለኝ እርምጃዬን ጨመርኩ።

ዘመናዊ ሞተር ደግሞ ያለ ኮምፒውተር አይሠራም። አባባ ኮምፒውተሩን እማማ ምሳ በሚቋጥሩበት የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ አሽገው ከወንበሩ ሥር ቀበሩት። ቁልፉን ሲያዞሩ መጀመሪያ የዝናብ መጥረጊያው ተነሳ፤ ቀጥሎ ክላክሱ አልዘጋም ብሎ ሰፈሩን በጠበጠ። ሽቦ ሲያቀያይሩ ቆይተው እንደገና ቢያዞሩት ሞተሩ አገሳ። እማማ አጨበጨቡ። እኔ ግን አላጨበጨብኩም። ይሄ ሞተር በጉልበት የድሮውን ሦስት ያህላል፤ ፍሬኑ ግን ያው የድሮው ነው።

"ፍሬኑስ፣ አባባ?"

"ፍሬኑ የፋብሪካ ነው። አይነካም!"

መኪናዋን ለሁለት ሊከፍሏት ምንም ያልቀራቸው ሰውዬ ፍሬኑ ላይ ሲደርሱ የቅርስ ጠባቂ ሆኑ።

በማግስቱ እማማ አዲሱን ቀሚሳቸውን ለብሰው ብቅ አሉ። የመጀመሪያው ጉዞ የእሳቸው ነው ተብሏል። ከበራችን ፊት ያለው መንገድ ቁልቁለት ነው፤ ታች ሲደርስ የጭነት መኪና ከማያጣው አስፋልት ጋር ይገናኛል። "እማማ፣ እኔ ልቅደም" አልኩና መሪ ከያዙት ከአባባ ጎን ዘልዬ ገባሁ። ጀግንነት አይደለም፤ እሳቸው ሄደው እኔ በር ላይ ቆሜ መጠበቁ ስለከበደኝ ነው። እማማ ግን "ለመኪና እንዲህ ይስገበገባል!" ብለው ታዘቡኝ።

ቁልቁለቱ ላይ መኪናዋ በረረች። አባባ ፍሬን ረገጡ፤ አልያዘም። ደግመው ረገጡ፤ አሁንም የለም። "ምንም..." ብለው ጀመሩና ሳይጨርሱት ቀሩ። ፊታቸውን አየሁት። ለካ እሳቸውም ይፈራሉ! ማርሽ ቀነሱ፤ ሞተሩ ጮኸ፤ አስፋልቱ ላይ የሚያልፈው የጭነት መኪና ጎማ ዓይኔ ውስጥ ገባ። መሪውን ወደ ዳር ጠመዘዙትና ቤት ለሚያሠራ ሰው የተራገፈ የአሸዋ ክምር ውስጥ ተሰክተን ቆምን።

ዓይኔን ስገልጥ ቀኝ እጃቸው ደረቴ ላይ ነው። መሪውን በአንድ እጃቸው፣ እኔን በሌላው ይዘው ኖሯል። መኪናዋን ዞር ብለው እንኳ አላዩዋትም።

"ልጄ፣ ደህና ነህ?"

"ደህና ነኝ፣ አባባ።"

እጃቸውን ከደረቴ አነሱና ቀስ ብለው፣ "በቃ፣ ባለሙያ ጥራ። እኔ አርጅቻለሁ" አሉ።

ቁልቁለቱ ላይ ፈርቻለሁ፤ እንደዚህ ግን አልፈራሁም። ግቢው ጭጭ ብሎ፣ እሳቸው በረንዳው ላይ ንጹሕ እጃቸውን አጣምረው ተቀምጠው ታዩኝ። እኚህን ሰው እወዳቸዋለሁ፤ እስከ ዛሬ ከመፍራቴ ብዛት ልብ አላልኩትም እንጂ።

"ምን ባለሙያ ያስፈልገናል፣ አባባ?" አልኩ። "ፍሬኗን እኛው እንቀይርላታለን። ብቻ አዲስ ይሁን።"