አንድ ሽያጭ እስከ ማታ

(የመኖሪያ ክፍል። የምግብ ጠረጴዛው ላይ ላፕቶፕ፣ ሁለት ስልኮችና የተጠላለፈ የቻርጀር ገመድ። ቤተሰቡ «ሊቁ» የሚለው ጎልማሳ ወገቡን በአንድ እጁ ደግፎ ስክሪኑ ላይ ተደፍቷል። አብሮት የሚኖረው የእናቱ ወንድም፣ ጡረታ የወጣ የጭነት መኪና ሹፌር፣ የሾርባ ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ ማስቀመጡ ነው።)

ሊቁ፦ ጋሼ፣ ሳህኑን ከቢሮዬ ላይ ያንሱልኝ!

አጎት፦ ከየትኛው ቢሮ?

ሊቁ፦ ከዚህኛው።

አጎት፦ ይሄ እኮ የምግብ ጠረጴዛ ነው። ሲገዛ ከመኪና ያወረድኩት እኔ ነኝ። ያኔ ቢሮ መሆኑን ማንም አልነገረኝም።

ሊቁ፦ አሁን የድርጅቱ ዋና መሥሪያ ቤት ነው።

አጎት፦ ታዲያ ሾርባዬን የት ልጠጣ?

ሊቁ፦ አልጋዎ ላይ።

አጎት፦ ትናንት አልጋዬ ላይ ጠጥቼ ፈሰሰብኝና ሚስትህ «ውይ ጋሼ፣ ለምን አልቀሰቀሱንም?» ብላ አንሶላውን ገፈፈችው። ሾርባ ነው እያልኩ ብምልላትም አላመነችኝም። እኔ ከእንግዲህ አልጋ ላይ አልበላም!

ሊቁ፦ ጋሼ በናትዎ፣ ዛሬን ተዉኝ። ዛሬ ለኔ የሞት ሽረት ቀን ነው።

አጎት፦ ምን ሆነሃል?

ሊቁ፦ ጠዋት አልሰሙም? «ማታ ከሥራ ስመለስ አንድ ሽያጭ፣ አንድ ብቻ፣ ካላሳየኸኝ ነገ ጠዋት የወንድሜ መጋዘን ገብተህ ካርቶን ትሸከማለህ» ብላኝ ነው የወጣችው።

አጎት፦ እሱንማ ሰምቻለሁ። ጎረቤትም ሰምቷል።

ሊቁ፦ እኔ! የራሴ አለቃ የሆንኩት ሰውዬ! ለአማቼ ካርቶን ልሸከም!

አጎት፦ ቆይ ግን አትቆጣኝና፣ አንተ የምትሸጠው ምንድን ነው? እኔ እዚህ ቤት ውስጥ አንድም የሚሸጥ ዕቃ አላይም።

ሊቁ፦ ስንቴ ላስረዳዎ? አፊሊየት ማርኬቲንግ ይባላል። ዕቃው የሌላ ሰው ነው፣ ገዢው ሌላ ሰው ነው። እኔ ሊንኩን እበትናለሁ። በኔ ሊንክ ገብቶ የገዛ እንደሆነ ኮሚሽን ይደርሰኛል።

አጎት፦ አሃ! ደላላ ነኝ አትለኝም?

ሊቁ፦ (ሊነሳ ሲል ወገቡ ይዞት መልሶ ይቀመጣል) ደላላ አይደለሁም! ዲጂታል ሥራ ፈጣሪ ነኝ!

አጎት፦ በቅሎን አባትህ ማነው ቢሉት ፈረስ አጎቴ ነው አለ።

ሊቁ፦ ደላላ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ሲንከራተት ይውላል። እኔ ቤቴ ነኝ።

አጎት፦ ደላላ ግን ቢያንስ ቁልፍ አውጥቶ ቤቱን ያሳያል። ሽንት ቤት ገብቶ ውኃውን ይለቅልሃል። አንተ ከምትሸጠው ሁሉ በዓይንህ ያየኸው አለ?

ሊቁ፦ ፎቶ አይቻለሁ።

አጎት፦ በፎቶ ሚስት ያገባ ጓደኛ ነበረኝ።

ሊቁ፦ እና?

አጎት፦ ፎቶው የእህቷ ነበር።

ሊቁ፦ ኤጭ! ከእርስዎ ጋር ስለ ቴክኖሎጂ ማውራት… ይልቅ ይሄን ይመልከቱ! ዛሬ ብቻ ሦስት መቶ ሰው ጎብኝቶኛል።

አጎት፦ መቼ? እኔ ከጠዋት ጀምሮ በር ላይ ነኝ። የመጣው ቆጣሪ አንባቢው ብቻ ነው፤ እሱም ገባ በል ብለው እንቢ አለኝ።

ሊቁ፦ ገጼን ነው የጎበኙት!

አጎት፦ (ፊቱን ትኩር ብሎ ያየዋል) ይሄንንማ እኔም በየቀኑ አየዋለሁ፤ ግን ከፍዬ አላውቅም።

ሊቁ፦ የዚህ ሥራ ውበቱ ምን መሰለዎት ጋሼ፣ አንዴ መስመር ከያዘ ተኝተውም ገንዘብ ይገባል።

አጎት፦ እስካሁን የተኛኸው አንሶ ነው?

ሊቁ፦ ትዕግሥት ይጠይቃል! ኮርሱ ላይ የመጀመሪያው ትምህርት እሱ ነው።

አጎት፦ ያ ስድስት ክፍል ቪዲዮ የሸጠልህ ሰውዬ? ለመሆኑ እሱ ምንድን ነው የሚሸጠው?

ሊቁ፦ እንዴት እንደሚሸጥ ነዋ የሚሸጠው።

አጎት፦ ለማን?

ሊቁ፦ ለእኛ።

አጎት፦ እሱስ ሥራ አለው።

ሊቁ፦ (እየጻፈ ጮክ ብሎ ያነባል) «ፍጠኑ! እንዳያመልጣችሁ! ሁለት ብቻ ቀርተዋል!»

አጎት፦ ምኖቹ?

ሊቁ፦ የሽንኩርት መክተፊያ ማሽኖች።

አጎት፦ ባለፈው ወርም ሁለት ነበሩ። አይወልዱም፣ አይሞቱም?

ሊቁ፦ ሳይኮሎጂ ነው ጋሼ! ሰው ሊያልቅብህ ነው ሲባል ልቡ ይሸበራል፤ ሳያስብ ይገዛል።

አጎት፦ ይሄ ማታለል አይደለም እንዴ?

ሊቁ፦ ማነሣሣት ነው። ደግሞ በዚህ የሚሸወድ የዋህ ብቻ ነው።

አጎት፦ አክስትህማ በዚህ ነገር ከቤተሰቡ ግሩፕ ወጥታለች። ባሏ ሞቶባት «ነፍስ ይማር» ብለህ ጽፈህ፣ ከሥሩ የታጣፊ ወንበር ሊንክ አድርገህባት!

ሊቁ፦ ሐዘንተኛ በምን ላይ ይቀመጥ? እኔ ለሰው አስቤ በሠራሁ! (ድንገት ድምፁ ይወርዳል) ጋሼ… እውነቱን ልንገርዎ? ፈርቻለሁ።

አጎት፦ ምን ያስፈራሃል?

ሊቁ፦ ከቢሮ ስለቅ አለቃዬ ፊት ጠረጴዛ መትቼ «ከስድስት ወር በኋላ አንተን እቀጥርሃለሁ» ብዬው ነው የወጣሁት። አሁን መንገድ ላይ ሳየው እደበቃለሁ። ልጄን ትምህርት ቤት «አባትሽ ምን ይሠራል?» ቢሏት «ስልክ ይነካካል» አለቻቸው።

አጎት፦ አይዞህ የእህቴ ልጅ። አልዋሸችም እኮ።

ሊቁ፦ (ቀረብ ብሎ፣ በልመና) እንግዲያው እርስዎ ለምን በኔ ሊንክ አንድ ነገር አይገዙም? ማታ አሳያታለሁ፣ አለቀ!

አጎት፦ ምን ልግዛ?

ሊቁ፦ የውሻ ሻምፑ።

አጎት፦ ውሻ የለንም።

ሊቁ፦ ውሻው በሌላ ሊንክ አለ።

አጎት፦ አልገዛም! እኔ በእጄ ያልዳሰስኩትን ገዝቼ አላውቅም።

ሊቁ፦ ለዚህ እኮ ነው ትውልዳችሁ ወደ ኋላ የቀረው! ባለፈው በስምዎ አካውንት ከፈትኩልዎ። የራስዎ ሊንክ ሰጠሁዎ። ምን ሠሩበት?

አጎት፦ ያልከኝን ነዋ፤ አንተ የሰጠኸኝን—

ሊቁ፦ ምንም አልሠሩበትም! ሰው ሲመዘገብ ነጥብ አገኛለሁ ብዬ እንጂ እርስዎ ለንግድ… ኡፍፍ! ወገቤን!

አጎት፦ ከጠዋት እስከ ማታ ጎብጠህ እየዋልክ እንዴት አያምህ።

ሊቁ፦ (ስልኩን እያየ) ቆይ… ቆይ ቆይ ቆይ! የሰፈሩ ግሩፕ ላይ ምን ተለጥፏል መሰለዎት? ማንም ይለጥፈው፣ የወገብ ቀበቶ ነው! ያዳምጡ፣ ያዳምጡ። «እኔ ለብዙ ዓመታት የተቸገርኩ ሰው ነበርኩ። ሰው ፊት ለመቆም አፍር ነበር። ባርኔጣ ሳላደርግ ከቤት ወጥቼ አላውቅም።»

አጎት፦ እሱን እንኳ እኔ—

ሊቁ፦ አያቋርጡኝ! ባርኔጣ… ለምን ባርኔጣ? (ያስባል) ገባኝ! ጎባጣ ሰው እኮ ፊቱን መደበቅ ይፈልጋል። እንዴት ያለ ጥልቅ ሰው ነው! «ይህን ቀበቶ መጠቀም በጀመርኩ በሦስተኛው ቀን ብቅ ብቅ አለልኝ።»

አጎት፦ ምኑ?

ሊቁ፦ ወገቡ ነዋ! ቀና ቀና አለ ለማለት ነው። «በሳምንቱ ማበጠሪያ ገዛሁ።» አዩ? ሰው ወገቡ ሲቃና ራሱን መጠበቅ ይጀምራል። እኔ ከተበጠርኩ ስንት ጊዜዬ ነው! «አንድ ቀን ማታ ቤቴ ስገባ ሚስቴ በር ላይ አቁማ፣ ማንን ፈልገው ነው? አለችኝ።»

(እንባውን ይጠርጋል።)

አጎት፦ ምነው ልጄ?

ሊቁ፦ ሚስቱ አላወቀችውም! እንዲህ ተለውጦ! ጋሼ፣ ይሄ ሰው መጻፍ ያውቃል። አስተሳሰቡ ቁርጥ እኔን ነው።

አጎት፦ እኔም እሱን ልልህ ነበር—

ሊቁ፦ ወይኔ! «ሁለት ብቻ ቀርተዋል» ይላል!

አጎት፦ ውሸት ነው አላልከኝም?

ሊቁ፦ የኔ ነው እንጂ ውሸት! ይሄ ሰውዬ የልቡን ነው የጻፈው። እንዲህ የተሠቃየ ሰው ይዋሻል?

አጎት፦ በምን ልትከፍል ነው?

ሊቁ፦ የባለቤቴ ካርድ ስልኬ ላይ ተመዝግቧል። ወጪ አይደለም፣ ኢንቨስትመንት ነው። ወገብ ከሌለ ድርጅት የለም!

አጎት፦ ተው ልጄ፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። አንድ ነገር ልንገርህ፣ ያ ጽሑፍ—

ሊቁ፦ አያዘናጉኝ! (ይጫናል) ገዛሁ! እፎይ! ለጥቂት ሊያመልጠኝ ነበር።

(ጠረጴዛው ላይ ቻርጅ ሲደረግ የነበረው ሁለተኛው ስልክ ይጮኻል። ሊቁ አፈፍ አድርጎ ያነሳዋል።)

ሊቁ፦ «እንኳን ደስ አለዎት! የመጀመሪያ ሽያጭዎ ተመዝግቧል!» ጋሼ! ጋሼዬ! ገባ! ሽያጭ ገባ!

አጎት፦ ያ ስልክ እኮ—

ሊቁ፦ (ወገቡን እንደያዘ ይጨፍራል) አላልኩዎትም? ትዕግሥት ነው አላልኩዎትም? (በራሱ ስልክ ይደውላል) ሄሎ! የኔ እመቤት! ማን አሸነፈ? … ሽያጭ ነዋ! ገብቷል! … አይ፣ ሕልም አይደለም፣ እጄ ላይ ነው። ለወንድምሽ ንገሪው፣ ካርቶኑን ራሱ ይሸከም! … ምን? … የምን መልእክት? … ከባንክ? … እ… እሱን ማታ ተረጋግተን እንነጋገርበታለን። (ይዘጋል)

አጎት፦ አሁን መናገር ይቻላል?

ሊቁ፦ ይናገሩ። ያሸነፈ ሰው ሁሉንም ይሰማል።

አጎት፦ የያዝከው ስልክ የኔ ነው።

(ሊቁ ስልኩን ያገላብጣል።)

ሊቁ፦ «ሻጭ…» የእርስዎ ስም ነው! እርስዎ? እርስዎ ደግሞ ምን ሸጡ?

አጎት፦ እኔ እንጃ። መነጽሬ የለም፣ አንብብልኝ።

ሊቁ፦ (ድምፁ እየሰለለ) «አንድ የወገብ ቀበቶ። ገዢ…» የባለቤቴ ስም።

አጎት፦ ካርዱ የሷ አይደል።

ሊቁ፦ ጋሼ! ያንን የመሰለ ጽሑፍ የጻፉት እርስዎ ነዎት?

አጎት፦ የጻፍከውማ አንተ ነህ። ለዚያ ለፀጉር ማብቀያው ቅባት ጽፈህ «ጋሼ፣ በስምዎ ይለጥፉት» ብለህ አልላክህልኝም? እኔ ደግሞ መላጣዬን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ በምን አፌ ስለ ፀጉር አወራለሁ? ወገቤን ማን አየው ብዬ የቅባቱን ስም አጥፍቼ፣ ከዕቃዎቹ ዝርዝር ውስጥ የወገብ ቀበቶውን ከነሊንኬ አደረግኩበት። ሌላውን አልነካሁም።

ሊቁ፦ ባርኔጣው!

አጎት፦ ያንተ ነው።

ሊቁ፦ ማበጠሪያው!

አጎት፦ እሱም ያንተ። እኔማ ስንቴ ልነግርህ አፌን ከፈትኩ፤ አንተ ለቅሶ ላይ ነበርክ።

ሊቁ፦ (ስልኩን ያነሳል) እሰርዘዋለሁ! አሁኑኑ እሰርዘዋለሁ!

አጎት፦ ሰርዘው። ከሰረዝከው ግን ሽያጩም አብሮ ይሰረዛል። ማታ ምኑን ታሳያታለህ?

ሊቁ፦ (ጣቱ አየር ላይ ይቀራል) ካልሰረዝኩት ገንዘቧ ሄደ። ከሰረዝኩት ሽያጩ ሄደ። ጋሼ፣ ምን ይሻለኛል?

(የአጎት ስልክ ይጠራል። አጎት ከሊቁ እጅ ወስዶ ያነሳል።)

አጎት፦ አቤት የኔ ልጅ። … አዎ፣ እሱ ነው የገዛው። … ከኔ። … ኧረ ማንም አላስገደደውም፤ እያለቀሰ ነው የገዛው። … እሺ። … እሱስ እውነትሽን ነው። … እሺ፣ እነግረዋለሁ። (ይዘጋል)

ሊቁ፦ ምን አለች? ጋሼ፣ ምን አለች?

አጎት፦ «ሽያጭ መኖሩን ባንኩ ነግሮኛል፤ ሥራው ይቀጥል» አለች።

ሊቁ፦ ይቀጥል? ተመስገን! መጋዘኑ ቀረ በሉኛ!

አጎት፦ መጋዘኑማ ነገ ጠዋት ትገባለህ።

ሊቁ፦ እንዴ! ሥራው ይቀጥል ብላለች አላሉኝም?

አጎት፦ ብላለች እንጂ፤ የኔው ሥራ። ግን ልጄ፣ ያለኝ ደንበኛ አንተ ብቻ ነህ። አንተ ደመወዝ ከሌለህ እኔ ለማን ልሸጥ ነው?